ከገጹ ላይ የደበቅኋት ልጅ

ይህን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ አይደለም። ማዘን የፈለገ ሰው በአልዱባ በኩል ሲያልፍ ለኬሪ እናት ይዘን። የምነግራችሁ ነገር ከማክሰኞ ከሰዓት ጀምሮ ረቡዕ ሊመሽ ሲል ያለቀ ነው። እኔ ግን እስካሁን አልጨረስኩትም።

ያኔ ጂንካ ውስጥ በአንድ አስጎብኚ ቢሮ እሠራ ነበር። የተቀጠርኩት በዘበኝነት ነው። የአሪ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ ወጣትነቴ ያለቀው በአይሱዙ ላይ ጆንያ ስጭንና ሳወርድ ነው። ፊደል የቆጠርኩት አግብቼ፣ ወልጄ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የጎልማሶች ትምህርት ውስጥ ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጬ ነው። ልጄ ከእኔ ቀድማ አነበበች። ሳቀችብኝም። አልረሳሁላትም።

የቢሮውን ዌብሳይት የሠራው ወጣት የተሻለ ደሞዝ አግኝቶ ሐዋሳ ሲገባ፣ የቢሮው ባለቤት እትዬ ሰብለ ምትክ አጣች። እኔ ደግሞ ያ ልጅ ሲሠራ ከጀርባው ቆሜ ዓይኔን ስክሪኑ ላይ ተክዬ የኖርኩ ሰው ነኝ። የእንግሊዝኛውን ፊደል እንደ ከብት መለያ ምልክት በቅርጹ ነበር የያዝኩት።

«እኔ ልሞክረው» አልኳት።

«አንተ? ደምሴ፣ በሩን ማን ይጠብቅልኛል?» ብላ ሳቀች።

ሞከርኩ። ሆነልኝ። በሩንም ስክሪኑንም በአንድ ደሞዝ ጠበቅሁ።

ሥራውን ለማያውቅ ልንገረው። አንድ ገጽ ላይ ያለ ነገር ሁሉ፣ ጽሑፉም ፎቶውም፣ ስም ሊሰጠው ይችላል። ጃቫስክሪፕት በሚባለው ቋንቋ «እከሌ የሚባለውን ፈልገህ ያዝልኝ» ትላለህ። ከተያዘልህ በኋላ በሲኤስኤስ ታለብሰዋለህ፦ ቀለም ትቀባዋለህ፣ ታሰፋዋለህ፣ ጥጉን ታከብበዋለህ። ካሻህም እንዳይታይ ታደርገዋለህ። መጥራትና ማልበስ ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ «አንተ፣ ና ወዲህ!» ስባል የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን እኔ ስጠራው የሚመጣ ነገር ተገኘ። ልቤ አበጠ። የኋላ ኋላ ጉድ የሠራኝም ይኸው ልብ ነው።

በገጹ አናት ላይ የአንዲት የበና ልጅ ፎቶ ነበር። ሐዋሳ የገባው ልጅ ነው አልዱባ ገበያ ላይ ያነሳት። ጸጉሯ በቀይ አፈርና በቅቤ ተሸርቦ ግንባሯ ላይ ወርዷል፣ አንገቷ ላይ ሰማያዊ ጨሌ አለ፣ ካሜራውን ትታ ወደ ጎን፣ እኛ ወደማናየው ሰው ዞራ ልትስቅ ስትል ነው የተያዘችው። ኬሪ ትባላለች። በፎቶው ቀኝ ጥግ አምባር የደረደረ የሴት እጅ ገብቶ ነበር። ገጹን ያበላሽብኛል ብዬ ፎቶውን ክብ አድርጌ አለበስኩት፤ እጁ ከክቡ ውጭ ቀረ። እትዬ ሰብለ «አሁን ገና አማረ!» አለችኝ። ያን ቀን እየተንጎራደድኩ ነው ቤቴ የገባሁት።

በዚያው ዓመት ክረምት ኬሪ በወባ ሞተች።

እናቷ ወደ ቢሮ የመጣችው ከጥቂት ወራት በኋላ ነው፤ የእኛው አስጎብኚ አይኬ ይዟት። አይኬ የበና ልጅ ነው፣ ምላሱ የማያርፍ፣ ፈረንጅ በሦስት ቋንቋ የሚያስቅ። ያን ቀን ግን ቀልዱን ትቶት ነበር። ሴትዮዋ በር ላይ ቆመች። አልዱባ ላይ ቀይ አፈርና ቅቤ ነው የምትሸጠው፤ ጣቶቿ እስከ ጥፍሯ ሥር ቀይ ናቸው።

«ጋሼ ደምሴ፣ የኬሪ እናት ናት» አለኝ አይኬ። «ፈረንጆቹ አስቸግረዋታል። ገበያ ይመጡና ስልካቸውን ያወጣሉ። ‹ይቺ የት አለች? ፎቶ ልናነሳት ነው› ይላሉ። እሷን ራሷን ነው እኮ የሚጠይቋት።»

«ምን ትላቸዋለች?»

«ምን ትበላቸው? ፊቷን ታዞራለች።»

ሴትዮዋ በራሷ አማርኛ፣ እንደ ብዙዎቻችን በገበያ በተማረችው፣ «ኬሪ አንሳው። ኬሪ የለም። ለምን ይጠይቃል?» አለችኝ።

ስክሪኑን ወደ እሷ አዞርኩ። «ይቺን ነው አይደል?»

ቶሎ አንገቷን ሰበረች። አላየችም። ልብ በሉ፤ የልጇን ፎቶ አንድም ቀን አላየችውም ነበር።

«አነሳታለሁ» አልኩ።

እነሱ ሲወጡ እትዬ ሰብለ ከጓዳ መጣች፤ ሰምታለች።

«ደምሴ፣ ያቺን ፎቶ እንዳታጠፋብኝ። ሰው የሚጽፍልን እሷን እያየ ነው።»

«እናትየዋ እኮ ናት ያለችው።»

«ገባኝ፣ አንጀቴን በልታኛለች። ግን ለጊዜው ደብቃት። ነገሩ ሲበርድ እንመልሳታለን።»

ክፉ ሴት አይደለችም። እኔም «እንዴት ተደርጎ!» አላልኩም። እውነቱን ልናገር፦ ደስ አለኝ። ማጥፋት የማንም ሥራ ነው፤ መደበቅ ግን ሙያ ይጠይቃል። ቁጭ አልኩና ከገጹ ግርጌ በሚጠራ በሌላ ፋይል ላይ «ኬሪ የሚባለውን ያዝ፣ እንዳይታይ አድርገው» የሚል አንድ መስመር ጻፍኩ። ገጹን አደስኩት። ኬሪ የለችም፤ ሌሎቹ ፎቶዎች ተጠጋግተው ቦታዋን ይዘውታል። ለአይኬ ደወልኩና «ጠፍታለች በላት» አልኩት።

እነሆ ውሸቱ። አልጠፋችም። እዚያው ነበረች።

አሁን ወደዚያ ማክሰኞ እንምጣ። የአልዱባ ገበያ ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ በር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። አይኬ ነው። ከኋላው ጫጫታ ይሰማል፣ ከብት ይጮኻል፣ ድምፁ ይቆራረጣል።

«ጋሼ! ምንድን ነው ያደረግኸው?»

«ምን አደረግሁ?»

«ለእንግዶች ገጹን ልከፍት ስል ኬሪ ወጣች! እናቷ አጠገቤ ቆማለች። ወጣች፣ ትንሽ ቆየች፣ ከዚያ ጠፋች! ሰው ተሰብስቧል። እንደገና ክፈት ብለውኝ ከፈትኩ፤ መጣች፣ ሄደች...»

«እናትየዋስ?»

«እያለቀሰች ነው። ነገ ወደ አንተ እንሂድ ብላኛለች። ጋሼ፣ እሷ እኮ...»

ኔትወርኩ ተቆረጠ። መልሼ ብደውል ብደውል እምቢ አለ።

ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ቢሮ ውስጥ ኔትወርኩ ደህና ስለነበር ትእዛዜ ከፎቶው እኩል ይደርሳል፤ ስለዚህ ኬሪ ስትደበቅ አላየኋትም። የአይኬ ስልክ ግን ገጹን ደጋግሞ ከፍቶት ስለነበር ፎቶዋን ውስጡ አስቀርቶታል። ትእዛዜ ደግሞ ለብቻው በሌላ ፋይል ነው፤ ከኔትወርክ መምጣት አለበት። አልዱባ ላይ ኔትወርክ ያነክሳል። ስለዚህ ልጅቷ ከስልኩ ትወጣለች፤ ትቆማለች፤ ትእዛዜ እየተጎተተ ይደርስና እናቷ ዓይን ሥር ይወስዳታል።

ጂንካ ላይ የሞከርኩትን አልዱባ ላይ መሞከር አላሰብኩም። የእኛ ሰው እንዴት እንደሚከፍተው እኔ ካላሰብኩ ማን ሊያስብልን ነው?

የፈራሁት ግን ይህን አልነበረም። የፈራሁት ሴትዮዋን ነው። ዘመዶቿን ይዛ ትመጣለች፣ «ጠፍታለች ብለህ ዋሽተኸኛል» ትላለች፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ እትዬ ሰብለ «እኔ ምን አውቄ፣ እሱ ነው» ትላለች፣ እኔም ወደ ጆንያዬ እመለሳለሁ። ይህን ሁሉ በራሴ ላይ ፈርጄ ነው ያደርኩት።

ረቡዕ ጠዋት ቢሮውን ከማንም ቀድሜ ከፈትኩ። የኬሪን ስም ከገጹ ላይ ነቀልኩ። ፎቶውን ገጹ ከተከማቸበት ሰርቨር አጠፋሁ። የሐዋሳው ልጅ ትቶት የሄደውን፣ እጁም ያለበትን ዋናውን ፎቶ ከቢሮው ኮምፒውተር አጠፋሁ፤ መጣያውንም ባዶ አደረግሁ። ፈጣን ነበርኩ። እጄ እንደዚያ ቀን ታዝዞልኝ አያውቅም።

ከዚያ ለአይኬ ደወልኩ። አሁን መስመሩ ገባልኝ።

«የት ናችሁ?»

«መኪና እየጠበቅን ነው። ጋሼ፣ ስማኝ፣ ትናንት ልነግርህ...»

«መጀመሪያ አንተ ስማኝ። ስልክህን አውጣ። የብሮውዘሩን ማስተካከያ ክፈት። ያስቀመጠውን ሁሉ አጥፋ የሚል አለ፤ እሱን ንካ።»

«ለምን?»

«አጥፋ አልኩህ!»

«እሺ እሺ፣ አትጩህብኝ። ዘበኝነትህ መጣብህ እንዴ?» ትንሽ ቆየና «አጠፋሁ» አለኝ።

«በል ኑ» ብዬ ዘጋሁበት። ሊነግረኝ የፈለገውን አልሰማሁትም። መስማትም አልፈለግሁም። ቤቱን አጽድቶ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ወንበሬን አስተካክዬ ተቀመጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ደረሱ። ዘመድ የለም፣ ሽማግሌ የለም። አይኬና እሷ ብቻ። በእጇ ትንሽ የቅቤ ቅል ይዛለች። ገብታ ቅሉን ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከስክሪኑ አጠገብ አስቀመጠች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ላንተ ነው ያመጣችው» አለ አይኬ።

«ለእኔ? ለምን?»

ሴትዮዋ ራሷ መለሰች። «ኬሪ መጣ። ኬሪ ሄደ። አንተ አውቀህ፤ አንተ አቁመው።»

አልገባኝም። አይኬን አየሁት።

«እንድታቆማት ነው የምትፈልገው፣ ጋሼ። ሳትሄድ እንድትቆይ። ትናንት ልነግርህ የነበረው እኮ ይህን ነው። መጀመሪያ ስታያት ጮኸች፤ ከዚያ ‹ክፈት› አለችኝ። ገበያው እስኪበተን ‹ክፈት፣ ክፈት› ስትለኝ ነው የዋለችው። የኬሪ ፊት እየጠፋብኝ ነበር አለችኝ። ድምጿን ታስታውሳለች፤ ፊቷን ግን ማታ ማታ ስትፈልገው አልመጣ ብሏታል። ሌላ ፎቶ የላትም። የት ታመጣለች?»

ሴትዮዋ በበና ቋንቋ ለአይኬ ረዘም አድርጋ ተናገረች፤ በእጇም አየር ላይ አንድ ነገር አሳየች።

«ምን አለች?»

«ፎቶው ላይ ወደ ጎን የምታየው ወደ እኔ ነው ትላለች። ያን ቀን ‹ፀሐይዋ ሄደች፣ ተነሽ እንሂድ› ብዬ እጄን ዘርግቼ ስጠራት ነው ያነሷት ትላለች። ልትስቅ የነበረው ለእሷ ነው።» አይኬ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። «እጇም ይኖርበታል ትላለች። ስልኬ ላይ ግን አልታየም። ዋናው ላይ አለ እንዴ፣ ጋሼ?»

ያቺ ገጹን ታበላሻለች ብዬ በክብ ያስቀረኋት እጅ፣ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ቅሉን ይዛ ተቀምጣለች።

«ፎቶው የለም» አልኩ።

«እንዴት የለም?» አለ አይኬ።

«አጥፍቼዋለሁ። ዛሬ ጠዋት። ሁሉንም።»

«ትናንት ነበር እኮ!»

«የመጣችሁት ልትከሱኝ መስሎኝ ነው።»

አይኬ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ገጹን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ። ከዚያ ቀስ ብሎ ቀና አለና አየኝ። የሱንም ያስጠፋሁት እኔ መሆኔ ትዝ ብሎታል። ያ የማያርፍ ምላስ ምንም አላለኝም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐዋሳ ለገባው ልጅ ደወልኩ። «ጋሼ፣ እኔ ምንም አልያዝኩም፤ ሁሉንም እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው የተውኩት» አለኝ። ሰርቨሩን ለሚያከራዩን ደወልኩ፤ ቅጂ የሚይዙት ለዚያ ለሚከፍል ነው፣ እኛ አልከፈልንም። መጣያውን ደግሜ ከፈትኩ፤ ባዶ ነው። ባዶ ያደረገውን ሰው የማላውቀው ይመስል ደግሜ ደግሜ ከፈትኩት።

አይኬ ነገራት። እንዴት አድርጎ እንደነገራት አላውቅም፤ ዓይኔ መሬት ላይ ነበር። ጩኸት ጠበቅሁ። አልጮኸችም። «ቦታው የት ነው?» አለችኝ።

«የምን ቦታ?»

«ኬሪ ቦታው።»

ስክሪኑን አዞርኩላት። አሁን አንገቷን አልሰበረችም። ኬሪ የነበረችበትን በጣቴ አሳየኋት። የሌላ ሰው ፎቶ ቆሞበታል። ራሷን ነቀነቀች፤ ይህ አይደለም ማለቷ ነው።

ያኔ ያደረግሁትን አስቤ አላደረግሁትም። ቁጭ አልኩና የኬሪን ስም መልሼ ጻፍኩ። ፎቶ የሌለው ባዶ ሳጥን ነው፤ ስሙ ግን ኬሪ። ሌሎቹ ፎቶዎች ተንቀሳቅሰው ቦታዋን ለቀቁ። ከዚያ ጠራሁትና ቀለም አለበስኩት፤ ቀይ።

«እንዲህ?»

አየችው። «ይሄ ደም ነው» አለች።

አጠቆርኩት። «አሁንስ?»

«ይሄ ደረቅ ነው። ቅቤ አልነካም።»

አይኬ ሳያስበው ሳቀ፤ ወዲያው አፉን ያዘ። እሷም ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ቅሉን ከፈተች፤ በጣቷ ቅቤ ነካች፤ ከመቀነቷ ቋጠሮ ቀይ አፈር ቆንጥራ መዳፏ ላይ አሸችው። ከዚያ ጣቷን ዘርግታ ስክሪኔ ላይ፣ ከሳጥኑ ጎን፣ ቀባችው።

«ይሄ ነው ጸጉሩ» አለች።

እትዬ ሰብለ በዚህ መሃል በሩ ላይ ደርሳ ነበር። «ውይ፣ ስክሪኑ...» ብላ ጀመረችና ፊታችንን አይታ ተመልሳ ወጣች።

ቀለም በኮምፒውተር የሚቀመመው በቁጥር ነው፦ ቀዩን ትንሽ ትቀንሳለህ፣ አረንጓዴውን ታክላለህ፣ ታያለህ። እቀይራለሁ፤ «አይ» ትላለች። እቀይራለሁ፤ «ቀርቧል» ይላል አይኬ፤ «አይ» ትላለች። እንዲህ ስንባባል የመስኮቱ ብርሃን ዞረ። በመጨረሻ የቀባችው ቀለምና የእኔ ሳጥን የሚለዩበት ጠርዝ ጠፋ። የቱ የእኔ፣ የቱ የእሷ እንደሆነ ማወቅ አልቻልኩም።

እሷ ግን ጣቷን እዚያ ላይ አሳረፈችና «ኬሪ» አለች።

ከዚያ «አይሄድም?» አለችኝ።

«አይሄድም» አልኳት። ይህን ቀለም በትእዛዝ በኋላ እንዲመጣ አላደረግሁትም፤ ከገጹ ጋር አብሮ እንዲመጣ ራሱ ገጹ ውስጥ ነው የጻፍኩት። አልዱባም ላይ ኔትወርኩ ቢያነክስ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ሞክሬዋለሁ፤ አልዱባ ድረስ ሄጄ።

ቅሉን ይዛ እንድትመለስ ብለምናት እምቢ አለች። ያን ቅቤ አልበላነውም። ሚስቴ «ይበላሻል እኮ» ብትለኝ ብትለኝ አልነካሁትም፤ ተበላሸ።

ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠ ትሉኝ ይሆናል። እኔ አልለዘብኩም፤ አፌ ያው ነው፣ ጎረቤቶቼን ጠይቁ። ግን ገጹ ላይ ያሉትን ሰዎች ፎቶ በሙሉ ጂንካ ፎቶ ቤት በወረቀት አሳትሜ፣ በአይኬና በጓደኞቹ እጅ ለየባለቤቶቹ ልኬያለሁ። አንዳንዱ አርቦሬ ድረስ ሄዷል። ስንት ዘመን ሰው ስናነሳ ለተነሳው ሰው ፊቱን ሰጥተነው አናውቅም ነበር። ይህን በማድረጌ የካስኩ አይምሰላችሁ። ወረቀቱን በላክሁ ቁጥር ይበልጥ የሚጎዳኝ ይህ ነው፦ ያን ማክሰኞ ሳይሆን ከዚያ በፊት ባደርገው ኖሮ፣ ኬሪ ዛሬ እናቷ ጎጆ ውስጥ ወደ ጎን እያየች ትስቅ ነበር። ለጻፉልን ፈረንጆች ሁሉ ጽፌያለሁ፤ ምናልባት አንዱ ስልኩ ውስጥ አስቀርቷት ከሆነ ብዬ። በትሕትና ይመልሳሉ። እስካሁን ያላት የለም።

እትዬ ሰብለ በማግስቱ ጠርታኝ «ደምሴ፣ ይሄ ቀይ ነገር እስከ መቼ ነው? ሰው ፎቶው የተበላሸ ይመስለዋል» አለችኝ።

«እሱ ከተነሳ እኔም ተነሳሁ» አልኳት።

አልተነሳም፤ አልተነሳሁም።

የኬሪ እናት አሁንም በገበያ ቀን አይኬን ስታገኘው «ክፈት» ትለዋለች። ይከፍትላታል። ቀዩ ይመጣል፤ ይቆማል። አይታ ወደ ቅቤዋ ትመለሳለች።

እናንተም ምናልባት ወደ እኛ አገር ልትመጡ አስባችሁ ያን ገጽ ትከፍቱ ይሆናል። ከሚስቁት ሰዎች መሃል ባዶ ቀይ ሳጥን ታያላችሁ። ፎቶው አልመጣ አለ ብላችሁ ገጹን ደጋግማችሁ አታድሱት። መጥቶ አልቋል። ያለው ይኸው ነው።